ለፍሬሕይወት ነግሬያታለሁ ያልኩበት ቀን

እስከ ዛሬ ይህን ለማንም አልተናገርኩም። ባለቤቴ ሳያውቀው ነው ያረፈው። ለነፍስ አባቴ ስናዘዝም ሌላ ሌላውን ተናግሬ ይህን ዘልዬዋለሁ። ለማያውቀኝ አንባቢ መንገሩ ለምን እንደቀለለኝ አላውቅም። ምናልባት ፊትዎን ስለማላየው ይሆናል።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ፣ በሱዳን በኩል ተሰድጄ ነው ላስ ቬጋስ የገባሁት። መጀመሪያ የሆቴል አንሶላ በሚያጥብ ድርጅት ውስጥ አንሶላ አጣጥፍ ነበር። በኋላ ቢሮ አስገቡኝ። አለቃዬ የነበሩት ሽማግሌ አጠገባቸው አስቀምጠው፣ እያሳዩ ፕሮግራም መጻፍ አስተማሩኝ። የሠራተኞቹን ሺፍት የሚመድበውን ፕሮግራም የጻፍነው ሁለታችን ነን። እሳቸው ጡረታ ከወጡ በኋላ ብቻዬን ከሃያ ዓመት በላይ ያዝኩት።

ከዚያ ድርጅቱ ተሸጠና አዲስ አስተዳደር መጣ። ክፉ ሰዎች ነበሩ ብል እዋሻለሁ። ይስቁልኛል፤ ስሜን በትክክል ለመጥራት ይታገላሉ። ግን የሰኞው ስብሰባ ጥሪ ለእኔ መምጣቱን አቆመ። የኮምፒውተር ስህተት መስሎኝ ተቀምጬ ጠበቅኩ። በመስታወቱ በኩል ተሰብስበው አየኋቸው። ተነሥቼ መግባት ነበረብኝ? ወይስ ሳይጠሩኝ ብገባ ራሴን ማዋረድ ይሆን ነበር? አልገባኝም። በሚቀጥለው ሰኞም ተቀምጬ አየኋቸው። ቀጥሎ ጠረጴዛዬን ማተሚያ ማሽኑ አጠገብ አዛወሩት። እዚያ ጸጥ ይላል አሉኝ። ጸጥ አይልም ነበር።

ብዙም ሳይቆይ ፍሬሕይወትን ቀጠሩ። በልጅነቷ ከወላጆቿ ጋር በዲቪ መጥታ እዚሁ ኮሌጅ የጨረሰች ልጅ ናት። ሥራዬን እንዳስረክባት ታዘዝኩ። እኔ የተማርኩት በቃል ስለነበር እሷንም በቃል አስተማርኳት። ስመጣ ከወንበሯ ትነሣለች።

«እትዬ አስካለ፣ እንዳይደብቁኝ እሺ? ይሄ ሲስተም ብቻዬን ካገኘኝ ይበላኛል» አለችኝ አንድ ቀን።

«አርጅቷል፤ ጥርስ የለውም» አልኳት።

«እርስዎን ፈርቶ ነዋ አድፍጦ የተቀመጠው።»

ሳቅሁ። መሳቄን አስታውሳለሁ።

አንድ ያልነገርኳት ነገር ነበር። በየወሩ መጨረሻ ፕሮግራሙ በእጅ ተዘግቶ እንደገና መከፈት አለበት። ካልሆነ ያለፈውን ወር የሺፍት ድልድል ለሠራተኞቹ መልሶ ይልካል። ላስተካክለው እችል ነበር፤ ለዓመታት ነገ ነገ እያልኩ ተውኩት። ሰንፌ ነው? ወይስ እኔ የሌለሁበት ቀን እንዲታወቅ ፈልጌ? ይህንንም ለይቼ አላውቀውም።

ርክክቡ ሲያልቅ «የቀረ ነገር አለ?» ብላ ጠየቀችኝ። የለም፣ ሁሉንም አይተሻል አልኳት። ረስቼው አልነበረም። ያን ስናገር የወሩ መጨረሻ በሐሳቤ ነበር። ልጅቷን ልጎዳ ነበር? ምን አደረገችኝ? የተቀየምኩት ከመስታወቱ ወዲያ ያሉትን ሰዎች ነበር። አጠገቤ የተቀመጠችው ግን እሷ ነበረች።

ወሩ አለቀ፤ እኔ ገና እዚያው ማተሚያው አጠገብ ነበርኩ። ከተማው በበዓል እንግዳ ሞልቶ ነበር። እረፍት ላይ የነበሩት ሠራተኞች ሥራ ገቡ፤ መግባት የነበረባቸው ቤታቸው ዋሉ። አንሶላው ሳይደርስ ቀረ፤ አንድ ትልቅ ደንበኛም ጥሎን ሄደ።

ሰኞ ዕለት ወደ ስብሰባው ተጠራሁ፤ ፍሬሕይወትም ነበረች። ምክንያቱን ሲጠይቁኝ ፕሮግራሙ በየወሩ መዘጋት እንዳለበት ነገርኳቸው። ሥራ አስኪያጁ በትሕትና፣ ይህን ነገር ለፍሬሕይወት ነግረሻት ነበር ወይ ብሎ ጠየቀኝ። ነግሬያታለሁ አልኩ። እኔ ነኝ ያልኩት። ማንም አላስገደደኝም፤ ድምፄም አልተንቀጠቀጠም። ነግሬያታለሁ አልኩ።

ፍሬሕይወት ቀና ብላ አየችኝ። አልነገሩኝም ማለት ትችል ነበር። አላለችም። በባዕድ ፊት ትልቅ ሰውን ዋሹ ማለት በእኛ ዘንድ ነውር ነው፤ እናቷ እንዲያ አድርጋ ነው ያሳደገቻት። ይህን አላውቅም ነበር? አውቅ ነበር። ሥራ አስኪያጁ ግን ዝም ስትል አመነች ብሎ ያዘው።

ስንወጣ ኮሪደሩ ላይ ደረሰችብኝ።

«እትዬ፣ መቼ ነበር የነገሩኝ? ይቅርታ ያድርጉልኝ፣ እንዲያው ጠፍቶብኝ ነው።»

እዚያ ላይ እውነቱን መናገር እችል ነበር። ማንም አይሰማንም።

«የመጀመሪያው ሳምንት ላይ» አልኳት።

«ውይ፣ ያኔማ ሁሉም ነገር ተደበላልቆብኝ ነበር። አሳፈርኩዎት።»

በዚያው ሳምንት አሰናበቷት። እኔን ወደ ሰኞው ስብሰባ መለሱኝ፤ ወንበርም ሰጡኝ። ጡረታ እስክወጣ እዚያ ተቀመጥኩ። የሚናገሩትን አብዛኛውን አልሰማውም ነበር። የፈለግኩት ይህን ወንበር ነበር? እንጃ።

ፍሬሕይወትን ቤተ ክርስቲያን አገኛታለሁ። አየር ማረፊያ ፍተሻ ላይ ትሠራለች። ሁልጊዜ ጎንበስ ብላ ነው ሰላም የምትለኝ። ባለፈው፣ ለምን ወደ ሙያሽ አትመለሺም አልኳት። እንዴት እንደደፈርኩ አላውቅም።

«ተዉኝ እባክዎ እትዬ» አለች እየሳቀች። «የኔ ጭንቅላት መች ነገር ይይዛል? እርስዎ ራስዎ ያዩት አይደል?»

አልነገርኩሽም ማለት ነበረብኝ፤ አላልኩም። ስብሰባው ላይ፣ ኮሪደሩ ላይ፣ አሁን ደግሞ እዚህ፤ እውነቱን ስደብቃት ለሦስተኛ ጊዜ ማለት ነው።

ገሸሽ ተደርጌ ነበር፤ ግራ ገብቶኝም ነበር። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ ላደረግኩት ግን ምክንያት አይሆኑልኝም። ከሥራዋ ማስወጣቴ ብቻ አይደለም፤ ልጅቷ የገዛ ጭንቅላቷን እንዳታምን አድርጌያታለሁ። እርስዎን ይቅር ይበሉኝ አልልም። ይቅር ማለት የምትችለው እሷ ናት፤ እሷ ደግሞ እስከ ዛሬ ጥፋቱ የራሷ ይመስላታል።