በዘፈን ስፓኒሽ ከፉሪ እስከ ላፍቶ

ቅዳሜ፣ ከንጋቱ 12፡20፣ ፉሪ

ጎህ ሲቀድ ከቤት ወጣሁ። ጎረቤቴ እትዬ ጫልቱ በራቸው ላይ ቆመው ይጠብቁኛል፤ የታጠበ ነጠላ፣ አዲስ ጫማ፣ በፌስታል የተያዘ ጭኮ። ከጀርባቸው፣ ድሮ ስንዴ ይዘሩበት የነበረው መሬት ላይ፣ ባለ አራት ፎቅ ቤት ተገትሯል።

«ሰናይት፣ ሌሊቱን ዐይኔን አልከደንኩም» አሉኝ።

«እኔም» አልኳቸው።

የምንሄደው ላፍቶ ነው፤ ልጃቸውን ሌንሴን ልናገኝ። ሌንሴ በሦስት ዓመቷ በጉዲፈቻ ወደ ስፔን ሄደች። ዛሬ ሃያ ሁለት ዓመቷ ነው፤ አማርኛም ኦሮምኛም አትችልም። አስተርጓሚዋ እኔ ነኝ። ሙያዬ ልብስ ስፌት ነው፤ ስፓኒሹን የተማርኩት ከዘፈን ነው።

የስፌት መኪናው ላይ ስቀመጥ ማዳመጫ ከጆሮዬ አይጠፋም። ግጥሙን ደብተር ላይ እገለብጣለሁ፣ የማላውቀው ቃል ስር አሰምራለሁ፣ ግሡን በእኔ፣ በአንተ፣ በእሷ እያረባሁ ከዜማው ጋር እለዋለሁ። እንዲህ አራት ዓመት አለፈ። ግን ዘፈን የሚያስተምረው የዘፈን ቃል ነው። ልብ፣ እንባ፣ ከንፈር፣ ናፍቆት፤ በዚህ የሚያህለኝ የለም። ከዚያ ወዲያ ያለው ያስፈራኛል።

«ስልክም ይተረጉማል እኮ» ብያቸው ነበር።

«ልጄን በማሽን ላናግራት? ሰው ይኑር በመሃላችን» አሉኝ።

1፡10፣ ሀይሌ ጋርመንት

የታክሲው ሰልፍ የአንዱን ሕንፃ ጥግ ዞሯል። ቦቲ ጫማ ያደረጉ ግንበኞች፣ የቢሮ ሰዎች፣ ጎመን የተሸከመች ሴት። ተራችን ሲደርስ ጋቢና ገባን። እኔ ከንፈሬን እያንቀሳቀስኩ ነው። ሹፌሩ በጎን አየኝና፣

«እህቴ፣ ዳዊት ነው የምትደግሚው?» አለኝ።

«አይ፣ ግሥ እያረባሁ ነው። የስፓኒሽ።»

«ለኳስ ነው?»

«ለልጄ ነው» አሉት እትዬ ጫልቱ፣ ከመሃላችን። ሹፌሩ ሬዲዮውን ቀነሰልኝ።

2፡00፣ ላፍቶ

ካፌው ከመንገዱ ዳር ነው። ሌንሴ ቀድማን ደርሳለች። ጂንስ፣ ሹሩባ፣ የእናቷ ግንባር። ስታየን ወንበሩን ገፍታ ተነሳች። እንደ አገሯ ሁለት ጊዜ ተሳስማ ቀና ልትል ስትል እትዬ ጫልቱ ገና መጀመራቸው ነበር፤ ስንት ጊዜ እንደሳሟት አልቆጠርኩም።

ተቀመጥን። ማኪያቶው መጣ። እትዬ ጫልቱ የልጃቸውን እጅ እንደያዙ አልነኩትም።

«አባትሽ ሞተ። ወዲያው እኔ ሳንባዬን ታመምኩ። ትተርፋለች ያለኝ ሰው አልነበረም። አንቺ እንድትተርፊ ብዬ ሰጠሁሽ። በያት» አሉኝ።

ሞትን አውቃለሁ፤ ዘፈን ውስጥ ሞልቷል። ሳንባ ግን በየትኛውም ዘፈን አላጋጠመኝም። ደረቴን ያዝኩ።

«ኮራሶን?» አለች ሌንሴ። ልብ ማለቷ ነው።

አይደለም ብዬ ኡሁ ኡሁ እያልኩ ሳልኩላት። «አ፣ ፑልሞን!» አለች። ደብተሬን አውጥቼ ጻፍኩት።

ቀጥሎ እትዬ ጫልቱ፣ «እጠብቅሽ ነበር በያት» አሉ።

ይሄ ቀላል ነው ብዬ፣ ሺህ ጊዜ የዘፈንኩት አዝማች ከአፌ ወጣ። «ቴ ኤስፔሬ።»

የሌንሴ ፊት ተለወጠ። እጇን ከእናቷ እጅ ቀስ አድርጋ አወጣች። «አስታ ኩዋንዶ?» አለችኝ። እስከ መቼ?

ያን ጊዜ ገባኝ። ስፓኒሽም እንደኛው «ጠበቅሁ»ን ከ«እጠብቅ ነበር» ይለያል። እኔ ያልኳት «ጠበቅሁሽ» ነው፤ ጠብቀው ጠብቀው የተዉት ነው የሚመስለው።

«እትዬ፣ ተሳስቻለሁ። መጠበቁን የተዉት አስመስዬባታለሁ።»

«እንዴ! ምን አደረግሽኝ! አስተካክያ!»

ወደ ሌንሴ ዞርኩ። «ፔርዶን። ስህተቱ የኔ ነው፣ የእናትሽ አይደለም። ቴ ኤስፔራባ። ቶዶስ ሎስ ዲያስ።» እጠብቅሽ ነበር። በየቀኑ።

ሌንሴ ፊቷን በሶፍት ሸፈነች። እትዬ ጫልቱ ወንበራቸውን አስጠግተው አቀፏት። እኔ ደብተሬን ከደንኩ።

7፡40፣ ፉሪ

ሦስት ሆነን ተመለስን። ዝናብ ጥሎ ስለነበር ከአስፋልቱ ወደ ሰፈር የሚያስገባው መንገድ ጨቅይቷል፤ ሌንሴ ነጭ ጫማዋን አውልቃ በእጇ ያዘች። የጎረቤት ሴቶች ከየደጃፉ ያያሉ፤ ደፍሮ የሚጠይቅ ግን የለም።

እትዬ ጫልቱ በር ላይ ስንደርስ ተከትያቸው ልገባ ነበር።

«ሂጂ እረፊ፣ ልጄ፤ ደክሞሻል» አሉኝ። «አሁንስ እኛው እንሞክረው።»

በሩን ገርበብ አድርገው ገቡ። ጥቂት እንደሄድኩ ድምፃቸው ተሰማኝ። እትዬ ጫልቱ በኦሮምኛ፣ ሌንሴ በስፓኒሽ፣ ሁለቱም ባንዴ ያወሩ ነበር።