ስንደዶ የማይሰማው ታብሌት

ሰኞ ማለዳ ከአዲስ አበባ የተነሳነው ለሥነ ልቦና ጥናት ነው፦ ሰው ከብዙ ተመሳሳይ ነገሮች መሐል የሚፈልገውን አንዱን በዓይኑ ለይቶ ለማግኘት ምን ያህል ይፈጅበታል? እኔ መረጃ ሰብሳቢ፣ ዶክተሩ የጥናቱ መሪ። ደብረ ማርቆስ ለሚከፈተው የኮምፒውተር ሥልጠና ተማሪ የሚመረጠው በዚሁ ውጤት መሆኑን የነገረኝ መንገድ ላይ ነው። ነገሩ ያኔውኑ አላማረኝም።

ዓባይ በረሃን ወርደን፣ ወጥተን፣ ሉማሜ ለምሳ ቆምን። ሽሮው ቀዘቀዘ ብሎ ዶክተሩ አስተናጋጇን ተቆጣት። ይህ ሰው ትንሽ ነገር እንኳ አያመልጠውም አልኩ በልቤ።

ከሰዓት በኋላ

ከማርቆስ ወጣ ብሎ ካለ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ደረስን። መምህሩ የኔታ፣ ሥልጠናውን አጥብቆ የሚፈልገውን ዲያቆን ጥበቡን አቀረቡልን። ሃያ ዓመት ያለፈው ጎልማሳ ነው።

«ከእነዚህ ሁሉ ‹ሰ› መሐል አንዷን ‹ሸ› ፈልግና ንካ» አለው ዶክተሩ፣ ታብሌቱን እየሰጠው።

ጥበቡ ፊደል የሚጠቁምበትን ስንደዶ አውጥቶ ‹ሸ›ን ወዲያው ነካት። ታብሌቱ ዝም። ደግሞ ነካት። ሰዓቱ አለቀና «አልተገኘም» የሚል ቀይ ጽሑፍ ወጣ። ቀጣዩም፣ የዚያ ቀጣዩም እንዲሁ ሆነ። የሣሩ ጫፍ ግን ሁሌም ትክክለኛዋ ላይ ነበር!

«በጣትህ ንካው እንጂ!» አልኩት።

«ፊደል በጣት ይነካል እንዴ፣ እህቴ?»

የኔታ ሳቅ አሉ። «ልጅ ሳለ በጣቱ የነካ ዕለት በአለንጋ ነው የቀጣሁት።»

ወደ ዶክተሩ ዞርኩ። «ያገኛታል እኮ! ታብሌቱ ስንደዶ ስለማይሰማው ነው። እንደገና እንፈትነው።»

«ደንቡ ለሁሉም አንድ ነው። መመሪያው ‹ንካ› ይላል።»

«ነካ እኮ!»

«ታብሌቱ አልመዘገበም።»

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል፤ ታብሌት የያዘ ምሁርማ ባሰ። ጥበቡ ስንደዶውን እንደያዘ አንዴ እኔን፣ አንዴ እሱን ያያል። «አለፍኩ?» አለ። ዶክተሩ ዕቃውን ይሸክፍ ነበር። አሁን ስጽፈው እንኳ ደሜ ይፈላል።

አዲስ አበባ

ስንመለስ ቢሮ እንደገባን ዶክተሩ የጥበቡን ሪፖርት እንድፈርም ሰጠኝ፦ «ትኩረቱ ደካማ»። አልፈረምኩም። ያየሁትን ለሥልጠናው ኃላፊዎች ጻፍኩ፤ መልስ የለም። ለቀዘቀዘ ሽሮ ዓይን ያለው ሰው፣ ፊት ለፊቱ የተቀመጠውን ሰው ሳያይ ስለ ትኩረት ሲፈርድ አየሁ። ከጉዞው ያተረፍኩት ይህንን ነው።

ዛሬ ጥበቡ ደወለ።

«እህቴ፣ የኔታ በጣቴ እንድነካ ፈቅደውልኛል። መቼ ልምጣ?»

ሥልጠናው ትናንት ተጀምሯል።