ኩታ የማያወርደው ሰው

ይርጋ ለሽማግሌ ኩታ ማውረድ የተወው ጥልያን ደብረ ታቦር በገባ በዓመቱ ነው።

በዚያ አገር ሰው ቄስ ወይም ሽማግሌ ሲያገኝ ኩታውን ከትከሻው አውርዶ ወገቡ ላይ ያሸርጣል፤ ጎንበስ ብሎም እጅ ይነሳል። ማደግደግ ይሉታል። ለዚህ የሚመክር አያስፈልግም፤ ልጅ ከመናገሩ በፊት አይቶ የሚለምደው ነው። ይርጋም አርባ ዓመት እስኪጠጋው ሲያደገድግ ኖሯል። ከዚያ ተወ። ምክንያቱን የሚያውቁት እሱና ሚስቱ ዓለሚቱ ብቻ ነበሩ። ከኩታው ሥር፣ በግራ ብብቱ፣ የተደበቀ ሽጉጥ ነበረ።

ሽጉጡ የአባቱ ነበር። አባትየው ጥንድ በሬ ሸጠው ገዙት፤ ሲሞቱ ለይርጋ ደረሰው። ከቀይ ቆዳ የተሰፋ አፎት ነበረው። ይርጋ ያንን አፎት ከኩታው በላይ ታጥቆ ገበያ ይሄዳል፣ ለቅሶ ይሄዳል። ሲያርስ ደግሞ ከማሳው ዳር ካለች ወይራ ላይ፣ መንገደኛ ሁሉ በሚያይበት በኩል ይሰቅለዋል። ተኩሶበት አያውቅም ማለት ይቻላል። ጥይት ውድ ነው፤ ደግሞም መተኮስ አላስፈለገውም። ያስፈለገው መታየቱ ነበር።

ታላቅ ወንድሙ ታደሰ በግጦሽ ወሰን ጠብ የዘውዱን ወንድም ገድሎ ጉና ጫካ ገብቷል። ገዳይ ካልተገኘ ደሙ ወንድሙ ላይ ያርፋል። ዘውዱም እንደ ይርጋ የገሳይ መንደር ሰው ነው፤ የሁለቱ ማሳ አይራራቅም። ሽማግሎች የእርቅ ቀን ቆርጠው ነበር፤ ጦርነቱ መጣና እርቁ በእንጥልጥል ቀረ። እስከዚያ ድረስ ግን ሁለቱ ደመኞች አንድ ገበያ ይውሉ ነበር። ይርጋ የዘውዱን ጠመንጃ ከሩቅ ያያል፤ ዘውዱም የይርጋን ቀይ አፎት ያያል። አንዱ በላይ በኩል ካለፈ ሌላው በታች በኩል ያልፋል። ሰላምታ የለም፤ ጠብም የለም።

ጥልያን ሲገባ መሣሪያ ያለው ሁሉ ያስረክብ ተባለ። ደብቆ የተገኘ ይሰቀላል ተባለ። ነገሩ ወሬ ብቻ እንዳይመስል ገበያው ጥግ ላይ ሰው ተሰቀለ፤ ሬሳው ሳይወርድ ገበያው ዋለ። ይርጋ ውጅግራ ጠመንጃውን አስረከበ። ሽጉጥህስ ሲሉት፣ «ጦርነቱ ሲመጣ ወንድሜ ከጫካ ወርዶ ወሰደው» አለ። አመኑት፤ ወይም ያመኑ መሰሉ።

ዘውዱ ባንዳ ገባ። ሙንጣዝ የሚል ማዕረግ፣ አዲስ ጠመንጃ፣ በወገቡም ሽጉጥ ሰጡት። ሽጉጡን ከልብሱ በላይ ታጥቆ በገሳይ መንገድ ሲመላለስ ይርጋ ከማሳው ያየዋል። ወይራዋ ላይ የሚሰቀል ነገር አልነበረም።

ይርጋ የሚስቱን አሮጌ መቀነት ወስዶ ሽጉጡን ብብቱ ሥር ያሰረው በዚያ ሳምንት ነው።

«ቅበረው» አለችው ዓለሚቱ።

«ዘውዱ ቢመጣብኝስ?»

«ሽጉጡ ገና እጅህ ላይ እንዳለ ያውቃል?»

«አያውቅም።»

«ታዲያ በምን ይፈራሃል? የማይታይ ሽጉጥ የሚያስፈራው የታጠቀውን ብቻ ነው። ይኸው ከታጠቅኸው ወዲህ አንተው ነህ የምትባንን።»

«ይጠረጥራል። ቢጠረጥር ይበቃኛል።»

«ቢጠረጥር ይሰቅልሃላ።»

እሱ ያለው እውነት ነበር፤ እሷ ያለችውም እውነት ነበር።

ብረቱ ጠዋት ጠዋት እንደ በረዶ ይቀዘቅዛል። ጎኑን እንዳይፈገፍገው ግራ ክንዱን ከሰውነቱ ፈቀቅ አድርጎ መሄድ ለመደ። ሽማግሌ ከሩቅ ሲያይ መንገድ ይቀይራል። መቀየሪያ ካጣ ጎንበስ ብሎ የአህያውን ጭነት የሚያጠብቅ ይመስላል። ቤተ ክርስቲያን መግባትም ቀረ፤ እዚያ ኩታ በደረት ላይ መስቀለኛ ይጣፋል፣ ጎን ይገለጣል። ስለዚህ ከገብርኤል ደጅ፣ ካልነጹት ጋር ቆሞ ያስቀድሳል።

ሰው ማውራት ጀመረ። «ይርጋን ጥልያን ሳይሾመው ኮራ» አሉ። ጎረቤቱ እማማ አሰለፈች ደግሞ አንድ ቀን መንገድ ላይ አቁመው፣ «ምነው ልጄ፣ ኩታህ ትከሻህ ላይ ተሰፋ እንዴ?» አሉት። የሰማው ሁሉ ሳቀ። ይርጋም አብሮ ሳቀ።

የንስሐ አባቱ መምሬ ወርቁም ደጅ ሲያዩት ሰነበቱ።

«ምነው ልጄ፣ ውጭ ቀረህ?»

«አልነጻሁም፣ አባቴ።»

«እስከ መቼ ነው የማትነጻው?»

«እንጃ፣ አባቴ።»

መምሬ ፈቀቅ ያለውን ግራ ክንዱን አዩ። መስቀላቸውን አሳልመውት ገቡ።

አንድ ቅዳሜ ይርጋና ዓለሚቱ ገብስ ጭነው ደብረ ታቦር ወረዱ። ከገበያው መግቢያ፣ ከአንድ ወይራ ሥር፣ ዘውዱ ከሌሎች ባንዶች ጋር ተቀምጦ ገቢውን ሰው ያያል። ሁሉን አይፈትሹም፤ ፊቱ ያልጣማቸውን ይጠሩታል። ይርጋ አንገቱን ደፍቶ ሊያልፍ ሲል መምሬ ወርቁ በበቅሎ ከፊት ለፊት መጡ። ንፋስ ያገኘው አዝመራ ይመስል ሰዉ ሁሉ ኩታውን እያወረደ ጎንበስ አለ። ከይርጋ ፊት አህያ፣ ከኋላው ሰው ነበረ። መሸሻ አጣና በመካከሉ ብቻውን ቀጥ ብሎ ቀረ።

«አንተ ይርጋ» አለ ዘውዱ ከተቀመጠበት ሳይነሳ። «ሰው ሲያደገድግ አንተ እንደ ምሰሶ ተገተርህ። መምሬ ያንተ የንስሐ አባት አይደሉም?»

«ናቸው።»

«ታዲያስ?»

«በርዶኝ ነው።»

«በረደው!» ዘውዱ ወደ ባንዶቹ ዞረ። «የጉና ሥር ሰው በቀትር በረደው። እሳት አንድዱለት እንጂ፣ ምን ታያላችሁ?»

ባንዶቹ ሳቁ። ዘውዱ ተነስቶ መጣ። ሽጉጡ ወገቡ ላይ ወዲህና ወዲያ ይላል። «ያችን ኩታ አውርዳት እስቲ። መምሬ ቆመው እየጠበቁህ ነው።»

ይርጋ የኩታውን ጫፍ ያዘ፤ እጁ እዚያው ቀረ። ቢያወርድ ገመድ ነው። ቢመዝ፣ ያ ሽጉጥ ለመጨረሻ ጊዜ መቼ እንደተተኮሰ እሱም አያስታውስም፤ ጠመንጃዎቹ ደግሞ ብዙ ናቸው፤ ዓለሚቱ የአህያውን ገመድ ይዛ ከጎኑ ቆማለች። ዘውዱ እጁን ወደ ኩታው ዘረጋ።

«አያወርድም» አሉ መምሬ ከበቅሏቸው ላይ።

«ምን አሉ፣ አባቴ?»

«አያወርድም አልሁ። ገዝቼዋለሁ። ፊቴ እንዳያደገድግ፣ ቤተ ክርስቲያን እንዳይገባ በሥላሴ ስም ገዝቼዋለሁ። የነካው፣ አብሮት የበላ፣ እሳት ያጫረው እንደ አርዮስ ይለይ።»

ሰዉ ከይርጋ ራቀ። የዘውዱ እጅ ግን እንደተዘረጋ ነበር።

«በምን ጥፋት?»

«ንስሐ በገበያ ይነገራል እንዴ፣ ዘውዱ? ያንተንም ልንገራቸው?»

ዘውዱ ለጥልያን አደረ እንጂ የገሳይ ልጅ ነው፤ ያጠመቁትም እኚሁ መምሬ ናቸው። እጁን ሰበሰበ። «ግዝቱ ሲፈታ እንተያያለን» አለና ወደ ወይራው ተመለሰ።

የዚያን ቀን የይርጋን ገብስ የገዛ የለም። ወሬው ከነሱ ቀድሞ ገሳይ ደረሰ። ከጎረቤት እሳት የሚያጭራቸው ጠፋ። ለአጨዳ የተጠራው ደቦ አልመጣም፤ እርሻው ላይ የወፍ መንጋ ዋለ። «አብሮት የበላ» የተባለው ለሚስትም ነውና ዓለሚቱ ምሳውን ከደጅ ታስቀምጥለትና ገብታ ለብቻዋ ትበላለች። ስትቀበር ከቤተ ክርስቲያን አጥር ውጭ እንዳትቀር ፈርታ ነበር። ይርጋ ቤቱ ግድግዳ ሥር ተቀምጦ ሲበላ ዓይኑ ከመንገዱ አይነቀልም።

መምሬ ቤት ሄደ። አጥሩ ውስጥ አላስገቡትም፤ በአጥሩ ላይ አነጋገሩት።

«አባቴ፣ ሊያተርፉኝ ብለው እንጂ ከልብዎ አልገዘቱኝም እኮ።»

«ሊያተርፍህ የተባለ ግዝት ግዝት አይደለም ያለህ ማነው? በሥላሴ ስም አፌን ከፍቻለሁ።»

«እንግዲያ ይፍቱኝ።»

«ኩታህን አውርደህ ፊቴ ስታደገድግ እፈታሃለሁ። ዛሬ ታወርዳለህ?»

ይርጋ እጁን ወደ ግራ ጎኑ ሰደደና መለሰው።

«በል ሂድና ስትችል ና» አሉት መምሬ።

ሽጉጡን የቀበረው በበረቱ ውስጥ ነው። ከእበትና ከሽንት በታች ማን ይቆፍራል ብሎ አሰበ። በጨርቅ ጠቅልሎ፣ ቁርበት ደርቦ ቀበረው። አፎቱን ለብቻው ከጣራው ሣር ውስጥ ወተፈው። ከዚያ መምሬ ዘንድ ሄዶ ኩታውን አወረደ። ጎኑ ላይ ነፋስ ሲያርፍበት አካሉ ተንቀጠቀጠ። መምሬ ፈቱት፤ ዓለሚቱም የዚያን ቀን አብራው በላች።

በተከታዩ ገበያ ዘውዱ ጠበቀው። ይርጋ ገና ከሩቅ ኩታውን አውርዶ አሸርጦ ነበር።

«ና ወዲህ» አለው ዘውዱ። ሌላ ባንዳ አላዘዘም፤ ራሱ ፈተሸው። እጁ ወገቡን፣ ጭኑን አልፈለገም፤ በቀጥታ ግራ ብብቱ ሥር ገባ። ባዶ ነበረ። ዘውዱ እጁን እዚያው አቆይቶ ፊቱን አየው።

«ሽጉጡ የለም» አለ ቀስ ብሎ። «ክንድህ ግን ገና ይዞታል።»

ይርጋ ወደ ክንዱ አየ። ከጎኑ ፈቀቅ ብሎ ቆሟል።

ዘውዱ ፈገግ አለ፤ ከደሙ ወዲህ ለይርጋ ፈገግ ሲል ያን ቀን የመጀመሪያው ነበር። «ደህና ግባ» አለው። ይርጋ ያን ጊዜ ገባው። እስካሁን ዘውዱ በጥርጣሬ ነበር የራቀው። አሁን ጥርጣሬውን በገዛ እጁ ዳሶ አጥፍቶታል።

ጥልያን እስኪወጣ ድረስ ይርጋ በአንድ መንገድ ሁለት ጊዜ ተመላልሶ አያውቅም። የውሻ ጩኸት ያባንነዋል፣ የበቅሎ ኮቴ ያባንነዋል። ዘውዱ አልገደለውም። የተዝናና ሰው አይቸኩልም። አንድ ጠዋት ግን ሁለት ባንዳ አስከትሎ መጣና በረቱ ውስጥ ገብቶ በሬ መረጠ። ሲመርጥ የቆመው ሽጉጡ ከተቀበረበት ላይ ነበር። ይርጋ የዘውዱን እግር አየ፤ ከዚያ ዓይኑን ወደ በሬው አሸሸ።

«ለሙንጣዝ አይደገደግም እንዴ?» አለ ዘውዱ።

ይርጋ ኩታውን አወረደ። በሬው ሲወጣም የበረቱን መዝጊያ ይዞ ቆመ።

ጥልያን ሲወጣ ዘውዱ ጠፋ፤ ምሕረት ተባለና ከአንድ ክረምት በኋላ ጠመንጃውን እንደያዘ ተመለሰ። ያን ጊዜ ይርጋ በረቱን ቆፈረ። ቁርበቱ በስብሷል። ሽጉጡ ቀይ አፈር መስሏል፤ ምላጩ አይሳብም፣ ጥይት ማጉረሻው አይከፈትም። በድንጋይ ፈተገው፣ በቅቤ አሸው። አልተንቀሳቀሰም።

«ሞቷል» አለ።

ዓለሚቱ ጣራው ላይ ወጥታ አፎቱን ከሣሩ አወጣች። አቧራውን በቀሚሷ ጠርጋ ሰጠችው። «ይህ አልሞተም» አለችው።

ቅዳሜ ዕለት ቀዩን አፎት ከኩታው በላይ ታጥቆ ገበያ ወረደ። ዘውዱ ከወይራው ሥር ከሩቅ አየው። ጠመንጃውን ከአንዱ ትከሻ ወደ ሌላው አዛወረና በታች በኩል አለፈ።

እንዲህ ሆነው አረጁ። ሰው፣ «እስቲ ሽጉጥህን ልየው» ባለው ቁጥር ይርጋ፣ «የአባት መሣሪያ ከእጅ እጅ አይዞርም» ይላል፤ ያንንም እያለ የጠያቂውን ዓይን ያጠናል። ይፈራው የነበረው ያንን ጥያቄ ነው። ለሽማግሌ ያደገድጋል፣ ቤተ ክርስቲያን ይገባል። ግራ ክንዱ ግን እስኪሞት ድረስ ከጎኑ አልገጠመም።