የመሪው ፓምፕ ገና ነው

በቴክኒክ ትምህርት ቤት የመኪና ጥገና አስተምራለሁ። ተማሪዎቼ ያበላሹትን ሲደብቁኝ ሁልጊዜ የምላቸው አንድ ተረት ነው፤ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም። አሁን አሁን ይህን ስል ዞር ብዬ መሐረብ አወጣለሁ። እነሱ ጉንፋን ይመስላቸዋል።

ነገሩ ከአባቴ አሮጌ መኪና ይጀምራል። ዲላ ግቢያችን ውስጥ አቮካዶው ሥር ከቆመች ዓመታት አልፈው፣ ዶሮ ሁሉ እንቁላል ይጥልባት ነበር። አባቴ ጡረታ በወጣ በዓመቱ፣ "አስነሺልኝ እስቲ፣ ገደብ ልሄድባት ነው" አለኝ። ከይርጋጨፌ ማዶ፣ ገደብ ከተማ፣ ታላቅ እህቱ አለች። እናታቸው ስትሞት አዝላ ያሳደገችው እሷ ናት። ወጣት ሳለ፣ "መኪና ስገዛ ጋቢና አስቀምጬ ይርጋጨፌ ድረስ አንሸራሽርሻለሁ" ብሏት ነበር። መኪናዋን ሲገዛ ግን ከአባታቸው በቀረው የቡናና የእንሰት ማሳ ተጣልተው ተኳርፈው ነበር። አሁን ሊታረቃት፣ ቃሉንም ሊፈጽምላት ፈለገ።

ሞተሩ ብዙ አላስቸገረኝም። ያስቸገረኝ መሪው ነው። በዘይት ግፊት የሚታገዝ መሪ ሆኖ ሳለ፣ ቆማ ሲጠመዘዝ ያቃስታል፣ ክብደቱም የጉድ ነው። ጎማዎቹን ነፋሁ፤ ያው። የመሪውን ፓምፕ የሚያዞረውን የላላ ቺንጋ ወጠርኩ፤ ጩኸቱ ቀነሰ እንጂ ክብደቱ አልቀነሰም። የመሪውን ዘይት መያዣ ስከፍት የጠቆረና አረፋ የደፈቀ ነገር አገኘሁ።

"ምን ጨምረህበት ነው?" አልኩት።

"የሞተር ዘይት። ያው ዘይት አይደል?"

"ለምን ቅቤ አልጨመርክበትም ታዲያ?"

እሱ ሳቀ። እኔ ግን በግኜ ነበር።

አሮጌውን ዘይት አፍስሼ ውስጡን አጠብኩ። አረፋው የመጣው ከቱቦው ነው፤ ማሰሪያው ሥር ተሰንጥቆ አየር ያስገባል። ቱቦውን ቀየርኩ፤ ዘይት እንዳያሾልኩ ፓምፑ ውስጥ የሚገቡትን ያረጁ የጎማ ቀለበቶችም ከሐዋሳ አስመጥቼ ቀየርኩ። ከዚያ የፊት እግሯን በክሪክ አንስቼ፣ የቀረው አየር እስኪወጣ መሪውን ከዳር እስከ ዳር ደጋግሜ አዞርኩት። አንድ ቅዳሜ ረፋድ ላይ መሪው በአንድ ጣት ዞረ። ብቻዬን ጮቤ ረገጥኩ።

አባቴን ጠራሁት። ገብቶ ተቀመጠና መሪውን ያዘ። ግራ እጁ ትንሽ ገፋው፤ ቀኝ እጁ ተንሸራቶ ጭኑ ላይ ወደቀ።

"አሁንም ከብዷል" አለ።

መሪው አልከበደም። ከዚያ በፊት ሐዋሳ አሳክሜው፣ ሐኪሙ ለብቻዬ ነግሮኝ ነበር። ጡንቻን እያዛለ የሚሄድ በሽታ ነው፤ ከእጁ ጀምሮ ትንፋሹ ላይ ይደርሳል፤ የሚያድን መድኃኒት የለም። በእኛ ቤት እንዲህ ያለ ነገር ለታማሚው አይነገርም። ዘመድ ተሰብስቦ መከረና፣ "ብርድ ነው፣ ይለቅሃል" ይባል ተባለ። ሄጄ ያልኩትም እኔ ነኝ።

ታዲያ ያን ቀን ምን ልበል? "አዎ፣ ፓምፑ ገና ነው" አልኩት።

ፊቱ በራ። "ብዬሽ ነበር" አለ።

ከዚያ ወዲያ በየቅዳሜው ደህናውን ፓምፕ ፈትቼ መልሼ እገጥማለሁ። እሱ በርጩማ ላይ ቁጭ ብሎ በግራ እጁ መፍቻ ያቀብለኛል፣ ይመክረኛል፣ ያሾፍብኛል። "መምህርት ተብለሽ አንድ መሪ ያቅትሽ?" ይላል። አንድ ጊዜ፣ "በቃ እኔ ልውሰድህ" አልኩት።

"እንደ ቡና ጆንያ ተጭኜ? ትንሽ እኮ ነው የቀረሽ። ጨርሺውና ራሴ እነዳለሁ" አለኝ። ለእህቱም፣ "መኪናዋ እንዳለቀች እመጣለሁ" ብሎ ላከባት።

ያስጠበቅኩት እኔ ነኝ። እውነቱን ብነግረው ይቆጣ ነበር፣ ያለቅስ ነበር፣ ምናልባት ሳምንት ሙሉ አያናግረኝም ነበር። ከዚያ ግን ኩራቱን ውጦ፣ እኔ እየነዳሁ ጎኔ ተቀምጦ ገደብ ይሄድ ነበር፤ አባቴን አውቀዋለሁ። ቀኑ ማለቁን እኔ አውቃለሁ፣ እሱ አያውቅም፤ እኔ ደግሞ ቁጭ ብዬ ብሎን አጠብቃለሁ። ይህን ሳስብ ራሴን እጠላዋለሁ።

ክረምቱ ሳይወጣ ትንፋሹ አጠረና ሞተ።

አክስቴ ለለቅሶ በአውቶቡስ መጣች። ድንኳኑ በፈረሰ ማግስት ለብቻዬ ይዛኝ፣ "ይመጣል ብላችሁ ልካችሁብኝ፣ መኪና በቆመ ቁጥር ደጅ እወጣ ነበር። ምነው ቀረብኝ?" አለችኝ።

"መኪናዋ ተበላሽታ ነው አክስቴ። መሪዋ እምቢ ብሎ።" ውሸቱ ለምዶብኝ ሳላስበው ከአፌ ወጣ።

ገደብ ላደርሳት ጋቢና አስቀመጥኳት። ከዲላ ወጥተን የጪጩን መንደር አልፈን ሄድን። መንገዱን ትታ እጄን እጄን ታያለች። ይርጋጨፌን እንዳለፍን፣ ጠመዝማዛው ላይ፣ መሪው በአንድ እጄ ያለ አንዳች ድምፅ ዞረ።

"ተበላሸች ያልሽኝ ይቺ ናት?" አለች።

"ይቺው ናት" አልኳት። መኪናዋን ዳር አቆምኩና ለአባቴ ያልነገርኩትን ሁሉ ለእሷ ነገርኳት።