ክረምት የሚተኛው ዛፍ

ባለፈው ሐምሌ ምራቴ ከዓለም ጤና፣ ከገጠሩ ቤታችን ደወለችልኝ። እኔ አሁን የምኖረው ናዝሬት፣ ሴት ልጄ ቤት ነው። ስልክ በጠዋት ሲጮህ አንዱ ታመመ ብዬ ልቤ ይመታል።

"እማማ፣ ማሳው መሃል ያለው ገርቢ ደርቋል። ልጆቹ ላይ ሳይወድቅ እናስቆርጠው?"

"እንዳትነኪው!" ብዬ ጮህኩባት። ምስኪን፣ ደነገጠች።

እኔም በእሷ ዕድሜ ነበርኩ። በደርግ ጊዜ፣ መሬት በታደለ በሁለተኛው ዓመት፣ ከመንዝ ደጋ ተድሬ ዓለም ጤና ወረድኩ። ገርቢ የሚሉት ግራር በእኛ ማሳ አንድ፣ በጎረቤቴ በጫልቱ ማሳ አራት ቆሟል። ጫልቱ እኩያዬ ናት። በቆሎዋ ግን ከእኔው ጋር አይገናኝም፤ የእሷ ሰው ይውጣል፣ የእኔ ቢጫ ሆኖ ከጉልበት አላለፈም።

ነሐሴ ላይ እሸቷ ቀድሞ ደረሰና በሰፌድ ላከችልን። ባሌ ጠብሶ እየጋጠ "አቤት፣ ወተት እኮ ነው!" ይላል። እኔ ግን የያዝኩትን ሳልጨርስ አስቀመጥኩት። ትምህርቴ ከሦስተኛ ክፍል አላለፈም፤ ቅናትን ግን ያለ አስተማሪ ዘልቄዋለሁ።

ዝናቡ ይወርዳል፣ አገሩ ለምልሟል፣ የእኔ ገርቢ ግን መለመላውን ቆሟል። የእሷም ቅጠል አልነበራቸውም፤ የንብ ቀፎ ስለሰቀለችባቸው ነው ያልቆረጠቻቸው አልኩ። እኔ ቆርጬ ቦታውን ብዘራበት እበልጣታለሁ።

ምሳር ይዤ ስታየኝ ከአጥሩ ማዶ በኦሮምኛ አጠራሯ ተጣራች። "ያ ዘነቡ! ተይው፣ ተኝቶ ነው። ክረምት ይተኛል፣ በጋ ይነቃል። በቆሎዬን የሚያበላው የሚረግፈው ቅጠሉ ነው።"

ዛፍ ይተኛል? እንዳልበልጣት ነው አልኩና ቆረጥኩት።

ባሌ ከገበሬ ማኅበር ስብሰባ ሲመለስ ጉቶውን አየ። "ደርቆ ነው" አልኩት። "ታዲያ ጫልቱን አትጠይቂም ነበር?" አለኝ። ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር።

በጋ ሲገባ፣ ሣሩ ሁሉ አመድ ሲመስል፣ የእሷ አራቱ ለመለሙ። ጉቶዬም አቆጠቆጠ። እያንዳንዷ ቅጠል "ልክ ነበረች" የምትለኝ ስለመሰለኝ ማንም ሳያየኝ ቀነጠስኳት። ሁለት ዓመት እንዲህ አደረግሁ።

በሦስተኛው በጋ የበኩር ልጄን ወልጄ የጡቴ ወተት አነሰ። ፍየላችንም የምትበላው አጥታ ወተቷ ነጠፈ። ሌሊቱን ልጄ ይተነፍስ እንደሆነ አፍንጫው ሥር ጣቴን እያስጠጋሁ አነጋ ነበር። ጫልቱ የገርቢ ፍሬ በቅርጫት ሞልታ ለፍየሏ ይዛልኝ መጣች። በየቀኑ አመላለሰች፤ ወተቱ ተመለሰ፣ ልጄ ዳነ።

አንድ ቀን ስትወጣ ጉቶው ላይ ጎንበስ አለች። ቅንጥሱ ትኩስ ነበር።

"ፍየሏ የበላችው መስሎኝ! ለካ ፍየሏ አንቺ ነሽ?" ብላ ከት ብላ ሳቀች። እኔ አለቀስኩ። በማግስቱ ጉቶውን በእሾህ አጠርኩት፤ በሬ ሲጠመድም ባሌን ዞረህ እረስ አልኩት።

ምራቴ ልትቆርጠው የፈለገችው ከዚያ ጉቶ ያደገውን ነው፤ እሷም የዳነው ልጄ ሚስት ናት።

"ታዲያ ለምን ደረቀ እማማ?" ብላ ጠየቀችኝ በስልኩ።

"ተሻገሪና ጫልቱን ጠይቂያት" አልኳት። ያ የባሌ ቃል ከአፌ ሲወጣ ዛሬም ቆነጠጠኝ። የእሷ ገርቢዎች አሁን ሰባት ደርሰዋል አሉ።