የሰረገላው ልጓም

በዕድሜዬ ብዙ ሰው መትቻለሁ። ለአብዛኛው አልጸጸትም፤ የእጃቸውን ነው ያገኙት። አንዱን ግን ለንስሐ አባቴ ሁለት ጊዜ ተናዝዤ እንኳ አልወጣልኝም። እስቲ ደግሞ በጽሑፍ ልሞክረው።

ያን ጊዜ ደብረ ታቦር የንጉሥ መቀመጫ ነበረች። ከከተማው ወጣ ብሎ ፈረንጆች ብረት የሚያቀልጡበት ሰፈር ነበር፤ እኔም እዚያ አናጢ ነበርኩ። ዳዊት ደግሜ ቅኔ ቤት ልገባ ስል ከመምህሬ ጋር ተጣላሁና ብራናውን ጥዬ መጥረቢያ ያዝኩ። ታላቅ ወንድሜ፣ አያ የምለው፣ እዚያው ሰፈር የሰረገላው ልጓም ያዥ ነበር።

ልጓም ስል የፈረስ እንዳይመስላችሁ። ሰረገላው መድፍ የሚጫንበት ስለሆነ ቁልቁለት ላይ የሚያቆመው ያስፈልጋል። ስለዚህ ከኋላው መንኰራኩር አጠገብ አጭር ወፍራም ግንድ ተገጥሞለት ነበር። ግንዱ መንኰራኩሩን በሚነካበት በኩል የበሬ ቆዳ ለብሷል። ረጅሙን እጀታ ሲጫኑት ግንዱ ይጠጋና መንኰራኩሩን አንቆ ይይዘዋል። ሠራተኛው ሁሉ ይህን ነገር ልጓም ይለው ነበር።

በጥር ወር አዲሱ መድፍ በሦስት ቀን ውስጥ ቁልቁለቱን ይውረድ የሚል ትእዛዝ መጣ። ቤታችን አፋፉ ላይ ስለነበር ሰረገላውን እኛ ግቢ አቆሙት። የሥራው አዛዥ በበቅሎ መጣ፣ ዞር ዞር ብሎ አየና በአለንጋው ጫፍ የአያን ደረት ነካ ነካ አደረገው።

«ገመድ ያዥ፣ ጎታች፣ አናጢ፣ አላውቅም» አለ። «ይህ ነገር ካመለጠ የማውቀው አንተን ነው።»

ቀልድ እንዳልሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ባለፈው ክረምት አንድ ሰው ባሩድ የጫነች በቅሎ ገደል ሰድዶ፣ የአዛዡ ገራፊ ሠላሳ አለንጋ አሳረፈበት። ሰውየው በሦስተኛው ቀን ሞተ። አያ የአዛዡን ቃል ሰምቶ ሳቅ አለና ወደ እኔ ዞረ። «እንግዲህ ሥራህን አሳምር» አለኝ። ሳቁ ግን ከንፈሩ ላይ ብቻ ነበር።

እንጨቱ በበጋው ደርቆ ተኮማትሯል። በግንዱና በመንኰራኩሩ መካከል ሁለት ጣት ያስገባል፤ እጀታውን ብትጫኑት ግማሽ ጉልበታችሁ ባዶውን ይሄዳል። ከፈረንጆቹ አንዱ አንጥረኛ የብረት መጠምዘዣ አዋሰኝ፤ ባዞሩት ቁጥር ግንዱን ወደ መንኰራኩሩ ስቦ የሚያስጠጋ። አማርኛው ስብርብር ያለ ነበር። ሁለት መዳፉን እያጋጠመ «ንፋስ የለም! በመሃል ንፋስ የለም!» ይለኛል። ገባኝ። ሁለት ቀን ሙሉ ግቢዬ ውስጥ ስጠመዝዝ፣ ሽብልቅ ስመታ፣ ደግሞ ስፈታ ዋልኩ። ጣቴን ቀጥቅጬ መጠምዘዣውን ሰደብኩት፣ ፈረንጁን ሰደብኩት፣ የቀረበኝን ውሻ በእርግጫ አባረርኩ። በመሃሉ የገብስ ገለባ እየከተትኩ እሞክራለሁ። በሁለተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ገለባው አልገባም አለ። አያ እጀታውን ሲጫነው መንኰራኩሩ ቀጥ፤ አሥር ሰው ገፍቶ አላነቃነቀውም። ኮራሁ።

እዚያ ላይ ማቆም ነበረብኝ። አያ ገመድ ያዦቹን ሊሰበስብ ሲሄድ ግን ቆዳው ከነከነኝ። ፀሐይና የጉና ተራራ ንፋስ አድርቀውት ተሰነጣጥቋል፤ መንኰራኩሩ ሲያሸው ደግሞ እሪ ይላል። ቆዳ ሲደርቅ ምን እንደሚደረግ እኛ ዘንድ የማያውቅ የለም። ጠፍር ቢሆን፣ ኮርቻ ቢሆን፣ አጎዛ ቢሆን ቅባት ጠጥቶ ይለፋል። የደረቀ ቆዳ አይቶ የሚያልፍ ሰነፍ ነው። ሞራ አቀለጥኩና እስኪጠግብ ድረስ በእጄ አሸሁት። ቆዳው ለሰለሰ፣ እሪታውም ጠፋ። ደግሜ አልሞከርኩትም። ፈረንጁ ስለ ቆዳው አንድ ቃል አልነገረኝም፤ ይህንማ ሕፃንም ያውቀዋል ብሎ ይሆናል።

በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ጉዞ ተጀመረ። አርባ ሰው ከኋላ በጠፍር ይዞ፣ ጥቂቶች ከፊት የሰረገላውን ሞፈር እየመሩ፣ አያ እጀታው ላይ ተደግፎ። እኔ ከመንኰራኩሩ ጎን እሄዳለሁ። ለጥ ያለው ላይ ምንም አልሆነም። ቁልቁለቱ ሲጀምር አያ እጀታውን ተጫነ። ድምፅ የለም። ሞኙ እኔ እንዴት ዝም ብሎ ይወርዳል ብዬ ደስ አለኝ።

ከዚያ ገመድ ያዦቹ መሮጥ ጀመሩ። መጀመሪያ በርምጃ፣ ወዲያው እየተጎተቱ። ጠፍሩ መዳፋቸውን እየላጠ አመለጠ፤ አንዱ የእጁ አንጓ ላይ ጠምጥሞት ኖሮ በፊቱ ድንጋይ እያረሰ ተጎተተ። «ልቀቁ! ሽሹ!» ተባለ። ከፊት ያሉት በየጎኑ ሲዘሉ አንዱ ጎልማሳ ተደናቀፈና መንኰራኩሩ ደረቱ ላይ ወጣበት። የደረቀ አገዳ ሲረገጥ የሚሰማው ዓይነት ድምፅ ሰማሁ። ሰረገላው ቋጥኝ መትቶ ተገለበጠ፤ መድፉም እየተንከባለለ ሸለቆ ገባ።

አያ ከሰረገላው ሥር በጉልበቱ ሲነሣ ደረስኩበት። ደሜ ፈልቶ ነበር። «ለቀኸው!» አልኩት። «ሰው አስፈጀህ! ለቀኸው!» አፉን አልኩት። ሁለት ጥርሱ እጄ ላይ ቀረ። ሲወድቅ ደረቱ ላይ ወጥቼ ደግሜ ደጋግሜ መታሁት። እጁን አላነሣብኝም።

«አልለቀቅኩም» ይላል ብቻ። «አልለቀቅኩም፣ ወንድም ዓለም።»

ሰዎች ጎትተው አነሡኝ። ያን ጊዜ መዳፎቹን አየሁ። ቆዳቸው ተገፎ ሥጋው ቀይ ሆኗል፤ የእጀታው ስንጣሪ እንደ እሾህ ተሰክቶበታል። ሰረገላው እስኪጥለው ድረስ ይዞት ነበር። መንኰራኩሩን ልደገፍ ስል እጄ ተንሸራተተ። በብረት የተለበጠው ጠርዙ ዙሪያውን በሞራ ያብለጨልጫል።

አዛዡ ሲደርስ እግሩ ላይ ወደቅኩ። «ጌታዬ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው። የልጓሙን ቆዳ ሞራ የቀባሁት እኔ ነኝ።»

«ቆዳ ሞራ ቢቀባ ምን ኃጢአት አለው?» አለኝ። «የእኔስ ኮርቻ ይቀባ የለም?»

«አንሸራትቶት ነው፣ ጌታዬ። በታቦቱ እምላለሁ። ይውረዱና ይዩት።»

ከበቅሎው አልወረደም። የአያን አፍ አየ፣ ከዚያ የእኔን ጡጫ።

«ይህን ማን መታው?»

«እኔ ነኝ።»

«ለምን?»

ከገመድ ያዦቹ አንዱ፣ ክፋት ኖሮበት አይመስለኝም፣ «ለቀኸው እያለ ነው የመታው፣ ጌታዬ» ሲል መለሰልኝ።

«ወንድሙ እንኳ ፈረደበት» አለ አዛዡ። «አሁን ደሙን ስታይ አዘንክለት።» አለንጋውን እግሬ ሥር ወረወረው። «የጀመርከውን ጨርስ። ሠላሳ ነው። እጅህን ካላላህ ገራፊዬ ከአንድ ይጀምርለታል።»

ገራፊው ከበቅሎው ጎን ቆሞ እጅጌውን ይሰበስባል። አለንጋውን አነሣሁ። አያ ተርፎ ልጆቹን እንደዳረ አስቀድሜ ልንገራችሁ፤ ያን ዕለት ግን እንደሚተርፍ የሚያውቅ አልነበረም።

በተገለበጠው ሰረገላ ላይ በሆዱ አስተኙት። አንዱን፣ ሁለቱን፣ ሦስቱን እጄን ላላ አድርጌ መታሁ። ገራፊው አንድ እርምጃ ቀረበ። አያ አንገቱን አዙሮ በዚያ በሰበርኩት አፉ ተናገረኝ።

«ጠበቅ አድርግ፣ ወንድም ዓለም። እያዩህ ነው።»

አጥብቄ መታሁት። ቆዳው ተከፈተ።

«እንዲያ» አለኝ።