የፋናዬ የጾም ማርሽማሎ

ፋናዬ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ድስት አጥባለች። የቤቷን አይደለም። ስትሪፕ በሚባለው የላስ ቬጋስ ጎዳና ላይ ካሉት ትልልቅ ካዚኖዎች በአንዱ፣ እንግዳ በማይደርስበት የምድር ቤት ኩሽና፣ ሕፃን ሊታጠብበት የሚችል ሰፋፊ ድስት ነው የምታጥበው። የሥራው ስም «ስቲዋርድ» ነው፤ እሷ ግን ምን ትሠሪያለሽ ላላት ሁሉ «አጣቢ ነኝ» ትላለች። ሼፎቹ ምግቡ እንዴት እንደሚሠራ ያውቃሉ። እሷ የምታውቀው ምግቡ ካለቀ በኋላ ድስቱን ምን እንደሚያደርገው ነው፤ የቱ እንደሚጣበቅ፣ የቱ እንደሚያርር፣ የቱ በሙቅ ውሃ እንደሚለቅ፣ የቱ ደግሞ በሙቅ ውሃ እንደሚብስበት። ይህ ዕውቀት አንድ ቀን ይጠቅመኛል ብላ አስባ አታውቅም።

ባሏ ተክለማርያም ታክሲ ነጂ ነበር። እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ኪሱን በከረሜላ ሞልቶ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ግቢ በር አጠገብ ይቆምና ሕፃናቱን ያሰልፋል። ዝም ብሎ አይሰጥም።

«የክርስትና ስምሽ ማነው?»

«ወለተ ሚካኤል።»

«ውሰጂ።»

ስሙን የረሳ ልጅ ወደ እናቱ ሮጦ ጠይቆ ይመለሳል። እዚህ የተወለዱት ልጆች የክርስትና ስማቸውን በቃላቸው የያዙት በተክለማርያም ከረሜላ ነው እየተባለ ይሳቅ ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2020 መጋቢት በኮሮና ምክንያት ካዚኖዎቹ ሁሉ ሲዘጉ ፋናዬም ዊትኒ ሰፈር ካለው ቤቷ ተቀመጠች። ቤተ ክርስቲያኑም በሩን ዘጋ። በሚቀጥለው ጥር ተክለማርያም በዚያው በሽታ ሆስፒታል ገባ፤ አልወጣም። ቀብሩ ላይ የቆመው ዐሥር ሰው ነው። ኮቱ እስከ ዛሬ ከበሩ ጀርባ እንደተሰቀለ ነው፤ ኪሱ ውስጥ ሰባት ከረሜላ አለ። አልነካቻቸውም።

በሰኔ ወደ ሥራ ተጠራች። በጥቅምት ደግሞ የሰንበት ትምህርት ቤቱ ሕፃናት ከዓመት ተኩል በኋላ ማስካቸውን አድርገው ግቢው ውስጥ ተሰበሰቡ። የጽጌ ጾም ገብቷል። ቬጋስ ላይ መጸው መግባቱ የሚታወቀው ቅጠል ሲረግፍ ሳይሆን ኤሲ ሲጠፋና መደብሩ ሁሉ ፖምና ቀረፋ ሲሸት ነው። ትምህርቱ ሲያልቅ ልጆቹ ከልማዳቸው በሩ አጠገብ ሄደው ቆሙ። ማንም አልነበረም። ትንሽ ቆይተው ተበተኑ።

ፋናዬ አየቻቸው። ይህ ቦታ እንዲህ ባዶ ሆኖማ ጽጌ አይወጣም፣ አለች በልቧ።

በሳምንቱ አንድ ትልቅ ትሪ ይዛ መጣች። የፈነዳ ሩዝ ሲሪያል ነው፤ በቀለጠ ማርሽማሎ፣ በዚያ እንደ ጥጥ በሚለዝብ ነጭ ከረሜላ፣ ተለውሶ፣ ደረቅ ፖም፣ ቀረፋና ኮረሪማ ገብቶበት፣ ተጠፍጥፎ የተቆረጠ። የመሥሪያ ቤቷ ሰዎች በመጸው የሚበሉት ነገር ነው። እነሱ በቅቤ ይሠሩታል፤ እሷ በዘይት ሠራችው። ቅቤው ከወጣ ጾም ነው። ማርሽማሎ ከስኳር ሌላ ምን አለው? የተረፈውንም ማርሽማሎ ከነላስቲኩ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

ቢታንያ ላስቲኩን አነሳችው። ቢታንያ የፋናዬ ጎረቤት የጽጌወይን የልጅ ልጅ ናት፤ ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ ጽሑፍ ካየች ሳታነብ አታልፍም።

«እማማ ፋናዬ፣ ይሄ ጄላቲን አለው።»

«ምንድን ነው እሱ?»

«አሳማ ነው። ቲቸሬ ናት የነገረችን። ቆዳውን፣ አጥንቱን ቦይል ያደርጉታል።»

የልጆቹ አስተማሪ ዲያቆን ሰርፀ ጠጋ ብሎ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እትዬ፣ አይቀየሙኝ። ሳያውቁ ያደረጉት ነው። ግን ለልጆቹ ልሰጠው አልችልም።»

«በጽጌ አሳማ!» አለ ሐዲስ የሚባል ጎልማሳ ከኋላ፤ ሁለት ሦስት ሰው ሳቀ።

ፋናዬ ትሪውን ሸፈነች።

«ሰርፀ፣ የጽጌ መጨረሻ እሑድ መቼ ነው?»

«ኅዳር አምስት። ሦስት ሳምንት አለ።»

«እንግዲያው ያን ቀን ልጆቹን አሰልፈህ ጠብቀኝ። የጾም ማርሽማሎ ይዤ እመጣለሁ።»

መኪና ውስጥ ጽጌወይን ሳቋን ለመያዝ ከንፈሯን ብትነክስም አልቻለችም። «አንቺ ሴትዮ፣ የጾም ማርሽማሎ? በዚያው የጾም ክትፎ ለምን አልጨመርሽም?»

«መንገዱን እያየሽ ንጂ።»

«ኦንላይን እኮ የጾም የሚሆን አለ አሉ። ኦርደር እናድርግ።»

«ገዝቼ የሆንኩትን አየሽ አይደል? ከእንግዲህ ውስጡን የማላውቀውን አላቀርብም።»

ፋናዬ በዕረፍት ቀኗ ኩሽናዋ ውስጥ ቆማ አሰበች። ማርሽማሎ ምንድን ነው? ሙጫና አየር ነው። ሙጫውን ታውቀዋለች። በየዓመቱ በዚህ ወቅት ሼፎቹ አረንጓዴ ፖም ከነልጣጩ ቀቅለው፣ አጣርተው፣ ከስኳር ጋር ሲያንተከትኩት ድስቱ ሙጫ የተቀባ ይመስላል፤ ብረት ማሻ እንኳ ይማረርበታል። እንግዲህ የአሳማ አጥንት ምን ያደርጋል? ፖም ገዝታ ከነልጣጩ ቀቀለች፣ በወንፊት አጣራች፣ ስኳር ጨምራ ማንኪያው እስኪከብድ አማሰለች። ቀረፋ፣ ቅርንፉድና ኮረሪማ ነሰነሰችበት። ሲሪያሉን ለውሳ አቀዘቀዘችውና ጽጌወይንን ጠራች።

ጽጌወይን ነከሰች። በጣቷ ጉንጯን ያዘች።

«ፋናዬ፣ የጥርስ ኢንሹራንሴ ይህን አይሸፍንም።»

ሙጫ ተገኝቷል፣ አየር የለም። አየር የሚይዘው የተመታ የእንቁላል ነጭ ነው፤ እንቁላል ደግሞ በጾም አይበላም። አንድ ሳምንት እንዲሁ አለፈ።

በሁለተኛው ሳምንት ረቡዕ ሽምብራ ቀቀለች፤ ለራሷ ምሳ ነው። ሽምብራውን አውጥታ ድስቱ ላይ ቧንቧ ስትከፍት አረፋው ገነፈለ። ከልማዷ ልትሰድበው አፏን ከፈተች። ይህን አረፋ እንደ ክፉ ጎረቤት ታውቀዋለች። መሥሪያ ቤት ሁሙስ ለሚሉት ማባያ ሽምብራ የሚቀቀልበት ድስት የመጣ ቀን ሳሙና ሳይነካው አረፋ ይደፍቃል፤ ብታጥበው ይደፍቃል፤ ብትደፋው ሲንኩ ላይ ተኮፍሶ ይቀራል። «ይህ ነገር መች ይሞታል?» ስትል ሃያ ሁለት ዓመት ኖራለች።

ቧንቧውን ዘጋችው።

«አትሞትም አይደል?» አለችው አረፋውን። «እስቲ እንተያይ።»

እንደገና ሽምብራ ቀቀለች፤ ያለ ጨው። ውሃውን እሳት ላይ መልሳ እስኪወፍር አፈላችው፣ አቀዘቀዘችው፣ የእጅ ሚክሰሩን ከተተችበት። መጀመሪያ የልብስ ማጠቢያ ውሃ መሰለ። ቀጥሎ የቢራ አረፋ ሆነ። ከሩብ ሰዓት በኋላ ሳህኑን ገልብጣ ብትይዘው ጠብ የማይል፣ ነጭ፣ የቆመ ነገር ሆነ። ሚክሰሩን ሳታቆም የሚንተከተከውን ፖም በቀጭኑ አፈሰሰችበት። አረፋው ሳይተኛ ዋጠው። ነፋ፣ ቢጫ ነክ ሆነ፣ በቀረፋ ሸተተ። በጣቷ ቀመሰች። ብቻዋን ቆማ፣ ጮክ ብላ ሳቀች። እንዲህ ከሳቀች ዓመት ሊሞላት ነው።

ሲሪያሉ ግን ገና አሸነፋት። እርጥበቱን ጠጥቶ በነጋታው ገንፎ ሆነ።

«ጥሩ የአራስ ምግብ ይወጣዋል» አለች ጽጌወይን፤ ግን ማንኪያዋን አላስቀመጠችም፤ ፋናዬም ይህንን ሳታስተውል አላለፈችም።

በመጨረሻው ሳምንት ሲሪያሉን እንደ ቆሎ ብረት ምጣድ ላይ አመሰችው፤ ሲንኮሻኮሽ ጥቂት ዘይት አርከፈከፈችበት፣ ውሃ እንዳይገባው። ከዚያ ነው የለወሰችው። ትሪው ላይ ጠፍጥፋ መስኮቱን ሁሉ ከፈተችና ለበረሃው አየር ተወችው። ከንፈር የሚሰነጥቀው፣ በየቀኑ የምታማርረው የቬጋስ አየር በአንድ ቀን ተኩል አደረቀላት። ስትቆርጠው ከላይ ቀጭ አለ፣ ከውስጥ እንደ ጥጥ ለዘበ።

ኅዳር አምስት ትሪውን ጠረጴዛው ላይ አኖረች። አጠገቡ ምን እንደገባበት በትልልቅ ፊደል የጻፈችበትን ካርቶን አቆመች። ቢታንያ ከሁሉም ቀድማ ደረሰች፤ ጣቷን ከፊደል ፊደል እያዘለለች አነበበች።

«ፖም። ስኳር። ሩዝ። ዘይት። ቀረፋ… ቅር-ን-ፉድ። ኮረሪማ። የ-ሽም-ብ-ራ ውሃ።» ቀና አለች። «ሽምብራ? እንደ ሽሮ?»

«እንደ ሽሮ» አለች ፋናዬ።

«ኢው!» አለ ከኋላ አንድ ልጅ።

«ማን አስገደደህ? ያንተን እኔ እበላዋለሁ» አለች ጽጌወይን።

ዲያቆን ሰርፀ ካርቶኑን ከላይ እስከ ታች አነበበ፤ ማስኩን ዝቅ አድርጎ አንድ ቁራጭ አነሳ። ግቢው ሁሉ አፉን ያይ ነበር። አኘከ። ዓይኑን ጨፈነ።

«እትዬ፣ እውነት ይህ ጾም ነው?»

«ተጽፎልሃል።»

«እንዲህ እየጣፈጠማ ጾምኩ ብሎ መናገር ያሳፍራል!»

ሳቅ ሆነ፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ወደ ጠረጴዛው ቀረበ። ሐዲስም የወረቀት ሳህን ይዞ መጣ፤ ለቤት ብሎ። ጽጌወይን መንገዱን ዘጋችበት።

«አንተ ምን ያደርግልሃል? አሳማ የለውም እኮ!»

ሐዲስ አንገቱን አቀረቀረ። «በድያለሁ፣ እትዬ ፋናዬ።»

«ልጆቹ ይቅደሙ፣ ከተረፈ ትወስዳለህ» አለችው።

ትሪውን አንስታ ወደ በሩ ሄደች፤ ተክለማርያም ይቆምበት የነበረው ቦታ ላይ ቆመች። ማንም ሳያዝዛቸው ልጆቹ ተሰለፉ። አርባ ሦስት ናቸው። ጉሮሮዋን ጠረገች።

«የክርስትና ስምሽ ማነው?»

«ወለተ ጊዮርጊስ» አለች ቢታንያ፣ እጇን ዘርግታ።

«ውሰጂ።»

አራተኛው ልጅ ስሙን ረሳ። ወደ እናቱ ሮጠ።

ለሐዲስ አልተረፈለትም። ፋናዬ ቤቷ ስትደርስ እጅጌዋን ሰበሰበች፣ ስፖንጁን አነሳች፣ ትሪውን ሲንኩ ውስጥ ልታስገባ ስትል ወደ መስኮቱ ብርሃን ዘንበል አድርጋ አየችው። ልጆቹ ጠርዙን ሳይቀር በጣታቸው ጠርገውታል። ድስትና ትሪ ስታጥብ በኖረችበት ዘመን ሁሉ እንዲህ ያለ ገጥሟት አያውቅም። ስፖንጁን መልሳ አስቀመጠችው።